ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ

በመካነ ሰላም ጋሽ እንዳልካቸው ያልቆሙበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ይህን የሚሉት ራሳቸው ጋሽ እንዳልካቸው ናቸው፤ ግን ደጋግመው ስላሉት ሰዉም ተቀብሏቸዋል። ለሰው ልጅ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ የሚያክላቸው የለም። የራሳቸውን ልጅ ሲጠየቁ ደግሞ፣ እሱማ ተዉት! በዕድሜያቸው "እምቢ" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። "እምቢ የባለጌ ቃል ነው" ይላሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። "እሺ" ማለትም አይሆንላቸውም፤ ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላቸዋል። ታዲያ ምን ይላሉ? "እንመካከርበታለን፤ ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ" ይላሉ። ፋሲካ ያልፋል። ሽማግሌዎቹ ብቅ ይላሉ። ጋሽ እንዳልካቸው ያን ዕለት ለቅሶ ሄደዋል፣ ወይም እርሻ ወርደዋል፣ ወይም ጓዳ ቁጭ ብለው "የሉም በሏቸው" እያሉ ነው።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ፍቅርአዲስን ወግዲ የሚያስተምረው ፈንታሁን ባስጠየቃት ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው ዝናብ እየወረደባቸው አጥሩ ሥር ግማሽ ቀን ቆመው ተመለሱ። አራተኛ አልመጡም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

ፍቅርአዲስ አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተማው መሃል ልብስ ትሰፋለች፤ አመሻሹ ላይ ትገባለች፤ ለአባቷ እራት ታቀርባለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን "እሺ አባባ" ከሚለው የዘለለ ነገር ተናግራቸው አታውቅም። አታኮርፍም፣ አትቆጣም፣ ስትታዘዝም እንከን የላትም። ወሬ ብቻ ጠፋ። ድሮ ከሥራ ስትመለስ ማን ምን እንዳሰፋ፣ የማን ሚስት ወገቧ ሰፍቶ ከሜትሩ ጋር እንደተጣላች እየነገረች በሳቅ ትገድላቸው ነበር። ጋሽ እንዳልካቸው ያ ወሬ ናፍቋቸዋል። ለማንም አይናገሩትም እንጂ ክፉኛ ናፍቋቸዋል። ልጅቱ ለምን ዝም እንዳለች ሲያስቡ ግን "ሥራ በዝቶባት ነው" ከሚለው አልፈው አያውቁም። ሰው ሲያስታርቁ የሚውሉ አስተዋይ ሰው እኮ ናቸው!

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከደጅ ሲገቡ ከልጆቹ ክፍል የለቅሶ ድምፅ ሰሙ። ቆም አሉ። ከበር ኋላ ሆኖ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ጎንበስ አሉና ያዳምጡ ጀመር።

"ጎስት ነው የተደረገው! ሌላ ስም የለውም!" ትላለች ታናሺቱ የኔአለም። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። "አንድ ቃል ሳይነገር! እምቢ እንኳ ሳይባል! ይሄ ሰው ያደርገዋል?"

ለቅሶው ባሰ። ከዚያ በሩ ተከፈተና የኔአለም ዓይኗ ፍም መስሎ ወጣች። አባቷ ጫማቸውን ሲያስሩ አየች። ጫማቸው ማሰሪያ የሌለው የጎማ ጫማ ነበር።

"ምን ሆነሻል?" አሏት ቀና ብለው።

"ምንም አልሆንኩም፣ አባባ።"

"ማን ነው?"

"ማን ማን ነው?" አለችና ጥላቸው ሄደች።

የጋሽ እንዳልካቸው ደም ፈላ። የእሳቸውን ልጅ! በሦስት ወረዳ ስማቸው የሚጠራውን ሰው ልጅ አንድ ወጠጤ ጀምሮ ትቷታል ማለት ነው፤ ያውም ያለ አንዳች ቃል። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እግረ መንገዱንም ፍቅርአዲስ አባቷ ለልጁ እንዴት እንደሚቆም ታያለች፤ ምናልባት ያ የጠፋው ወሬዋ ይመለስ ይሆናል። ይህን ሲያስቡ ልባቸው ሞቅ አለ። ግን ሽማግሌ ነገሩን ሳያጣራ አይነሳም። መጀመሪያ ይሄ ጎስት የሚሉት ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከመደርደሪያው ላይ መጻፊያ ትሆናለች ብለው አንዲት የሠርግ ጥሪ ካርድ አነሱ። የሠርግ ጥሪ በየቀኑ ስለሚመጣላቸው ከፍተው አያነቡም፤ ቀኑ ሲደርስ ባለቤታቸው ወርቂቱ ትነግራቸዋለች። ካርዷን ኪሳቸው ከተቱና ወደ መርዋ ሞባይል ቤት ወረዱ።

መርዋ የሸህ ኑርሁሴን ልጅ ናት። ሸህ ኑርሁሴን ደግሞ ቁርኣን የሚያስተምሩ፣ የጋሽ እንዳልካቸው የሽምግልና ጓደኛ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው የማንንም ደጅ ረግጠው አያውቁም።

"መርዋ ልጄ፣ ጎስት ማለት ምንድን ነው?"

መርዋ የያዘችው ስልክ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "ውይ ጋሼ! እርስዎን ማን ጎስት አደረገዎት?"

"እኔንማ ማን ደፍሮ! ለሰው ነው። ከሥሩ ጀምረሽ አስረጅኝ።"

መርዋ ወንበር ሰጠቻቸው። ጋሽ እንዳልካቸው ካርዷን ገልብጠው በጀርባዋ ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

"መጀመሪያ ክራሽ አለ" አለች። "በሩቁ አይቶ ወድዶ፣ ሳይናገሩ መቃጠል ነው።"

"ይሄማ ድሮም አለ። እኛ በገበያ ቀን ነበር የምንቃጠለው።"

"ከዚያ ቶኪንግ ስቴጅ ይመጣል። ምንም ሳይባባሉ ማውራት ብቻ።"

"ያለ ሽማግሌ?"

"ያለ ሽማግሌ።"

"ምን ያህል ጊዜ?"

"አንዳንዱ ዓመት ይሞላዋል።"

"ዓመት ሙሉ ምን ይወራል?"

"በላህ ወይ፣ በላሽ ወይ፤ ተኛህ ወይ፣ ተኛሽ ወይ።"

ጋሽ እንዳልካቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። መርዋ ቀጠለች። ሲቹዌሽንሺፕ የሚባል አለ፤ አብረው ናቸው፣ ግን አብረው አይደሉም፤ ምንድን ናችሁ ቢባሉ መልስ የላቸውም። ቤንች ማድረግም አለ። "ኳስ ላይ ተቀያሪ ተጫዋች እንደሚቀመጠው ነው ጋሼ። ሰውየውን እሺም አይሉት፣ እምቢም አይሉት፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል።"

"እንዲህ ያለ ክፉ ሰው አለ?"

"ሞልቷል!"

"ኧረ እሱ ያርቅልን!" አሉና አማተቡ።

"ሲን ማድረግ ደግሞ መልእክቱን አይቶ መልስ አለመስጠት ነው። በር ሲንኳኳ ውስጥ ሆኖ ድምፅ እንደ ማጥፋት በሉት።"

ጋሽ እንዳልካቸውን ሳል ያዛቸው። ከጥር አቧራ ነው ብለን እንለፈው።

"ጎስት የመጨረሻው ነው" አለች መርዋ። "ሲያወሩ ቆይተው አንዱ ድንገት ድራሹ ይጠፋል። ምክንያት የለ፣ ደህና ሁን የለ። ያኛው ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ራሱን ሲበላ ይኖራል። ከእምቢታ ይብሳል እኮ ጋሼ። እምቢ የተባለማ አልቅሶ ይወጣለታል።"

"ይሄ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው" አሉ ጋሽ እንዳልካቸው፣ ከልባቸው። "አሁን የኔአለም ከማን ጋር እንደምታወራ ንገሪኝ።"

"ወላሂ ጋሼ እኔ…"

"መርዋ!"

"ደጎሎ ከተማ ወንድዬ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፤ በቲክቶክ ነው የተዋወቁት ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ማን ማንን እንደሆነ…"

"በቃ፣ በቃ! የቀረውን እዚያው እሰማለሁ" ብለው ተነሱ። ሰውየው በሽምግልና ያረጁት የሁለቱንም ወገን ሰምቶ በመፍረድ ነበር። ምን ይደረግ፣ የራስ ልጅ ሲሆን ጆሮ ይደፈናል።

ሸህ ኑርሁሴን ነገሩን ሲሰሙ ጢማቸውን አሻሹ። "እንዳልካቸው፣ የሴት ወገን ወደ ወንድ ቤት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

"ልጅ ልጠይቅ አይደለም የምሄደው። ምክንያት ልጠይቅ ነው። የጀመረ ሰው ምክንያቱን ሳይናገር አይተውም። ሥርዓት አለ፤ ስልክ ስለሆነ ሥርዓት ይቅር?"

"የደጎሎ ሰው ይሄን ልዩነት ይገባዋል?"

"እኔ ሳስረዳው ይገባዋል።"

"እንግዲህ አብሽር፣ እሄዳለሁ" አሉ ሸህ ኑርሁሴን። "ስትዋረድ አጠገብህ ሰው ያስፈልግሃል።"

ሦስተኛ ሽማግሌ ቢፈልጉ ጉዳዩን የሰማ ሁሉ ያን ዕለት ከብት ጠፋበት። ስለዚህ ሁለቱ ዓርብ ሳይነጋ ተነስተው፣ መኪና ቀያይረው፣ በገብስ ጆንያና በሁለት ዶሮዎች መካከል ተጣብቀው ረፋድ ላይ ደጎሎ ገቡ። የወንድዬን ቤት ለማግኘት አልተቸገሩም። አባቱ እህል ነጋዴ ነው፤ ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ እንደ ሥርዓቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

"ቤቶች! እንደምን አረፈዳችሁ። ከመካነ ሰላም ነው የመጣነው።"

የወንድዬ እናት ከጓዳ ብቅ አለች። "ከመካነ ሰላም" የሚለውን ስትሰማ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ተመስገን! ብያለሁ እኮ፣ ወላሂ ብያለሁ! ሰው ያሳደጋት ከሆነች ሰው ይመጣል ብያለሁ! ግቡ፣ ተቀመጡ!"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ እንዳልካቸው። አቀባበሉ ገርሟቸዋል፤ ግን ስማቸው ደጎሎ ድረስ የታወቀ መሰላቸውና ደስ አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለትልቅ ሠርግ ብቻ የሚያወጡትን ድምፅ አወጡ። "እመቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሰው ልጅ አናግሮ፣ ተስፋ ሰጥቶ፣ ኋላ ያለ አንዳች ቃል ድራሹ የጠፋ ሰው ምን ይባላል?"

"ባለጌ!" አለች ሴትዮዋ ሳታስብ።

"ደግ! ወላጆቹስ?"

"ያላሳደጉ! አሳዳጊ የበደለው እንጂ ማን እንዲህ ያደርጋል?"

"ይኸው!" አሉ ጋሽ እንዳልካቸው ወደ ሸህ ኑርሁሴን ዞረው። "እውነቱን በገዛ አፋቸው ተናገሩ።"

"እንዴት አልናገርም!" አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ልጄ ሦስት ሳምንት እህል አልቀመሰም። ባጃጁን ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ከተተው። ያቺ ልጃችሁ አንድ ቃል ሳትለው ጥፍት አለችበት። እሱ ጥፋቱን ቢያውቅ ምን ነበረበት? ይቅርታ ልትሉን መምጣታችሁ ግን ትልቅነታችሁ ነው።"

ሸህ ኑርሁሴን በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ወንድዬ ራሱ ከውስጥ መጣ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳና ስልኩን ለጋሽ እንዳልካቸው ዘረጋላቸው። "አባባ፣ ይዩት። እኔ ክፉ ቃል ጽፌ ከሆነ ይፍረዱብኝ።"

ጋሽ እንዳልካቸው መነጽራቸውን አደረጉ። ሰላም ነሽ? ይላል። ምን አጠፋሁ? ይላል። ፈተናሽ እንዴት ነበር? ይላል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ እምቢ ከሆነም እምቢ በይኝ፣ ምንም አልቀየምም፣ ብቻ ንገሪኝ። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ሁለት ሁለት ምልክት አለ። "አይታዋለች ማለት ነው" አላቸው ወንድዬ ዝግ ብሎ። "ሲን ነው" አሉ ጋሽ እንዳልካቸው፤ ተምረዋልና። ጣታቸውን ወደ ታች ሲጎትቱ የልጃቸውን የመጨረሻ መልእክት አገኙት። ከገና በፊት የተጻፈ ነው። "አስብበታለሁ። ከፋሲካ በኋላ እናወራለን" ይላል።

ከፋሲካ በኋላ። ጋሽ እንዳልካቸው ቃሉን ደግመው አነበቡት። የልጃቸው ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ግን የማን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሸህ ኑርሁሴንም በትከሻቸው በኩል አንብበው ነበርና ሻሻቸው ውስጥ ይንፈቀፈቁ ጀመር።

ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲሰማ የቆየው የልጁ አባት ተነሳ። "እንግዲህ ጋሼ፣ ምክንያት ጠያቂዎቹ እኛ ነን ማለት ነው። ብዙ አንፈልግም። ልጅዎ እሺ ናት ወይስ እምቢ?"

ሁሉም ጋሽ እንዳልካቸውን አዩ። እሳቸው መሬቱን አዩ። ደህና መልስ ሊመልሱ አስበው ነበር፤ አፋቸው ግን ሠላሳ ዓመት የለመደውን አመጣ።

"እንመካከርበታለን" አሉ።

የወንድዬ እናት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ልጅቱ ከማን እንደተማረችው አሁን ገባኝ" አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

በመልሱ መንገድ ሸህ ኑርሁሴን የከላላን ከተማ እስኪያልፉ ድረስ ታገሱና "መርዋ ጎስት ምን እንደሆነ ስታስረዳኝ አልገባኝም ነበር" አሉ። "ዛሬ ገባኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወርቂቱ ደጅ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች፤ የኔአለም አጠገቧ ደብተር ይዛለች። ጋሽ እንዳልካቸው ጋቢያቸውን ሳያወርዱ ጀመሩ።

"ያንን ልጅ ለምንድን ነው እምቢ ያላልሽው? ከተዉት አይቀር ይነገረዋል እንጂ! ሰው ነው እኮ!"

የኔአለም ደጎሎ ድረስ መሄዳቸው ሲገባት መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ደብተሯን ዘጋች። "ጉድ ነው! እምቢ የባለጌ ቃል ነው ብሎ ያሳደገኝ ማን ነው? እኔ በዚህ ቤት እምቢ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲጠፋ ነው ያየሁት።"

"ከተውሽው ታዲያ ማክሰኞ ለምን ታለቅሺ ነበር?"

"እኔ?" አለች የኔአለም። ድምፅዋ ወረደ። "ማክሰኞ የምታለቅሰው እኔ አልነበርኩም፣ አባባ። እኔማ ላባብላት ገብቼ ነው እንባዋ የተጋባብኝ።"

ጋሽ እንዳልካቸው ዘወር አሉ። ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ቆማለች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

"ማክሰኞ ጠዋት ከመደርደሪያው ላይ ካርድ ወስደው ነበር" አለቻቸው። "አንብበውታል?"

ከኪሳቸው አወጡት። በጀርባው ክራሽ፣ ቤንች፣ ሲን፣ ጎስት ተብሎ በገዛ እጃቸው ተጽፎበታል። ገለበጡት። ፈንታሁን ከነገ ወዲያ እሁድ ያገባል። ለአክብሮት ሲል ለእሳቸውም ጥሪ ልኳል።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ" አለች ፍቅርአዲስ። "ያን ጊዜ መልስዎ ምን ነበር? እሺ ነበር ወይስ እምቢ? እኔ ሁለት ዓመት አስቤ አላገኘሁትም።"

በሁለት ዓመት ውስጥ ለአባቷ የተናገረችው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ጋሽ እንዳልካቸው፣ ይግረማችሁና፣ ድምፅዋን በመስማታቸው ለአፍታ ደስ አላቸው። ከዚያ ጥያቄው ደረሰባቸው።

"እሺ ነበር" አሉ። "ልጁን እወደው ነበር። አራተኛ ሲመጡ እሺ ልላቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ለአንቺ አነሰብኝ… ክብርሽ ነው ብዬ…"

ወርቂቱ ስንዴ መልቀሟን አቆመች። ፍቅርአዲስ አባቷን አየቻቸው፣ አየቻቸው። እንባዋን ማክሰኞ ጨርሳዋለች። ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ጋሽ እንዳልካቸው ተከትለዋት ሄደው ከተዘጋው በር ፊት ቆሙ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲንጥህ ውለህ፣ ቁጭ በል እንጂ" አለች ወርቂቱ።

"እምቢ" አሉ።

ወርቂቱና የኔአለም ተያዩ። ጋሽ እንዳልካቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በሰው ደጅ ሁሉ እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው ቆመው በሩን አንኳኩ። "ፍቅርአዲስ፣ ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሳትመልሺልኝ አልቀመጥም።"

እግሯ ወደ በሩ ሲቀርብ ተሰማቸው። ከዚያ ቆመ። አንድ ሰው ከበሩ ኋላ ሆኖ ሲተነፍስ እንዴት እንደሚሰማ ጋሽ እንዳልካቸው በደጅ በኩል ቆመው ሰምተው አያውቁም ነበር።

"እንመካከርበታለን፣ አባባ" አለች ፍቅርአዲስ ከውስጥ። "ከፋሲካ በኋላ ብቅ ይበሉ።"

ፋሲካ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ጋሽ እንዳልካቸው ግን ከበሩ አልተነሱም።